«የላቀ ደረጃ» ተብሎ ለሚሸጥ የፓድልቦርድ ሰርፊንግ ጥቅል ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን ማስጠንቀቂያ የጻፍኩት በፓድልቦርድ ላይ ቆመው ጸጥ ባለ ውኃ መቅዘፍን በሚገባ ለለመዱና አሁን ሞገድ መጋለብን፣ በሞገድ ላይም መታጠፍን ለመማር ገንዘብ ሊያወጡ ለተዘጋጁ ሰዎች ነው። ለእነዚህ ሰዎች ተብሎ በኢንተርኔት የሚሸጥ አንድ ዓይነት ጥቅል አለ፤ ቦርድ፣ መቅዘፊያ፣ ቦርዱን ከጋላቢው እግር ጋር የሚያያይዝ የእግር ገመድ፣ የጥቂት ቀናት ሥልጠናና የምስክር ወረቀት በአንድ ዋጋ ተጠቃለው «የላቀ ደረጃ» የሚል ስም ይሰጣቸዋል፤ ክፍያውም ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ ይጠየቃል። ባለፈው የሞገድ ወቅት ይህን ጥቅል ከአንድ ሻጭ ገዝቼ የደረሰኝ ዕቃም ሆነ የተሰጠኝ ትምህርት የጀማሪ ነበር፤ ገንዘቤም አልተመለሰልኝም። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ማስታወቂያዎችን ሳነጻጽር ጉድለቱ በአንድ ሻጭ የተወሰነ እንዳልሆነ ስለተረዳሁ፣ ሌላው ሰው ምን መመርመር እንዳለበት በዝርዝር ማስቀመጥ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በቅድሚያ ቦርዱን እንመልከት። በእነዚህ ጥቅሎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በአየር የሚነፋ፣ 320 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሁለገብ ቦርድ ነው። ለሐይቅ፣ ለዝግተኛ ወንዝና ለትንንሽ ሞገዶች ጥሩ ዕቃ ስለሆነ ቦርዱን በራሱ አልነቅፈውም፤ የምነቅፈው የተሰጠውን ስም ነው። በሞገድ ላይ መታጠፍ የሚቻለው ጋላቢው ክብደቱን ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል የቦርዱ ጠርዝ ውኃው ውስጥ ገብቶ ሲይዝ ብቻ ነው። የሚነፋው ቦርድ ጠርዝ ግን ወፍራምና ክብ በመሆኑ ውኃውን ከመያዝ ይልቅ በላዩ ይንሸራተታል፤ መሐሉ በክብደት ሲለመጥ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ፊቱ በበቂ ሁኔታ ወደ ላይ ካልጎበጠ ደግሞ ሞገዱ ቁልቁል በሆነ ጊዜ አፍንጫው ይሰምጥና ጋላቢው ወደፊት ይወረወራል። ለሞገድ የተሠራው ጠንካራ ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ከ215 እስከ 275 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጭራው ጠበብ ያለ፣ ጠርዙ ወደ ጭራው እየሳሳ የሚሄድ፣ ከሥሩም ሦስት ወይም አራት ፊኖች (አቅጣጫ እንዲይዝ የሚረዱ ትንንሽ ክንፎች) የሚገጠሙለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በልምምድ የሚሸፈን አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ እጅግ ትንሽ ቦርድ «የባለሙያዎች» ተብሎ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 75 ሊትር ይዘት ያለው ቦርድ ላይ ቢቆም፣ የቦርዱ የራሱ ክብደትና የረጠበው ልብስ ስለሚታከሉ፣ አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ደግሞ ከ1 ኪሎ ግራም ብዙም የማይበልጥ ክብደት ስለሚያነሳ፣ ቦርዱ በቆመበት ይሰምጣል፤ የሚንሳፈፈው በፍጥነት ሲጓዝ ነው። ብቁ ጋላቢዎች ይህን ይችሉታል። ከሁለገብ ቦርድ ለሚሸጋገር ተማሪ ግን ሙሉ ጊዜው ሚዛን በመጠበቅ ያልቅና አንድም ሞገድ ሳይዝ ይመለሳል፤ ለዚህ ክብደት ከ110 እስከ 130 ሊትር የሚደርስ የሞገድ ቦርድ መሸጋገሪያ ቢሆነው ይሻላል። ስለዚህ ክብደታችሁንና እስካሁን የቀዘፋችሁበትን ቦርድ ሳይጠይቅ «ይህ ለእናንተ ተስማሚ ነው» የሚል ሻጭ ሥራውን አላወቀም፣ ወይም መጋዘን የሞላበትን ዕቃ እያራገፈ ነው።

መቅዘፊያውንና ገመዱን በአጭሩ ልንካ። ከጥቅሉ ጋር የሚመጣው በሦስት ቦታ የሚገጣጠም የአልሙኒየም መቅዘፊያ ከባድ ነው፤ መጋጠሚያዎቹም በሞገድ ኃይል ይላላሉ። ለረጅም ጉዞ ከቁመት 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝም መቅዘፊያ ይመረጣል፤ በሞገድ ላይ ግን ጉልበት ታጥፎ ዝቅ ብሎ ስለሚቆም፣ ከጭንቅላት ብዙም የማያልፍ አጭር መቅዘፊያ ይሻላል። እንደ ሽቦ የተጠመጠመው የእግር ገመድ ለጸጥተኛ ውኃ የታሰበ ነው፤ በሞገድ ውስጥ ከተወጠረ በኋላ ቦርዱን ወደ ጋላቢው ሊያስፈነጥር ስለሚችል፣ በቦርዱ ርዝመት ልክ ወይም ትንሽ የሚበልጥ ቀጥ ያለ ገመድ ያስፈልጋል።

ከዕቃው ይልቅ ያሳዘነኝ ትምህርቱ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃ ሊለወጥ ይችላል፣ በተሳሳተ መንገድ የተለመደ አቋም ግን ለማረም ብዙ ድካም ይጠይቃል። በእኛ ሥልጠና አንድ አሰልጣኝ ብዙ ተማሪዎችን ይዞ የሄደው ሞገድ ወደማይደርስበት ወሽመጥ ነበር። በእርግጥ በጸጥተኛ ውኃ ላይ ጠቃሚ ነገር መለማመድ ይቻላል፦ ወደ ጭራው ረግጦ ቦርዱን በቦታው ማዞር፣ በግራም በቀኝም እኩል መቅዘፍ፣ ጎን ለጎን ከተቀመጡ እግሮች ወደ ሰርፍ አቋም፣ ማለትም አንድ እግር ከፊት ሌላው ከኋላ ወደሆነበት አቋም፣ ሳይደናቀፉ መሸጋገር። የላቀው ክህሎት የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ተማሪው በተሰበረው ሞገድ ነጭ አረፋ ውስጥ አንድ እግሩን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አፍንጫውን አቅልሎ፣ መቅዘፊያውን ከአረፋው በስተጀርባ ተክሎ መውጣት አለበት፤ ሞገዱን ከመሰበሩ በፊት አይቶ ቦታ መያዝ፣ በግርጌው ሲታጠፍ መቅዘፊያውን በሚታጠፍበት ወገን ውኃው ላይ አሳርፎ መደገፍ፣ ከዚያም ፍጥነቱ ሳይሞት ወደ አረፋው ተመልሶ መታጠፍን መማር አለበት። እነዚህ ሁሉ የሚለመዱት ሞገድ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ትኩረት በሚሰጥ አሰልጣኝ ሥር፣ የተቀረጸ ቪዲዮ እየታየ ሲታረሙ ነው።

ለዚህም ነው የውሉን የአየር ሁኔታ አንቀጽ ከሁሉም በላይ እንድታነብቡ የምለምናችሁ። ለጋለባ የሚመቸው ሞገድ ሩቅ ባሕር ላይ በሚነሣ ነፋስ ተፈጥሮ የሚመጣ ስለሆነ ማንም በወራት አስቀድሞ ቀኑን ሊወስነው አይችልም። በሁለት ሞገዶች መካከል ያለው ጊዜ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ሞገዱ ኃይለኛና የተስተካከለ ይሆናል፤ ቅርብ ከሆነ ነፋስ የሚመጣው ደግሞ አጭርና የተዘበራረቀ ነው። እኔ የፈረምኩት ውል ቀኖቹ እንደማይለወጡ፣ የባሕሩ ሁኔታም ገንዘብ ለማስመለስ ምክንያት እንደማይሆን የሚናገር ነበር። እንዲህ ያለ አንቀጽ አሰልጣኙን ባሕሩ ዝም ባለ ቀን ሰዓት እንዲያሳልፍ፣ ባሕሩ በተቆጣ ቀን ደግሞ ተማሪዎችን ወደ አደጋ እንዲያስገባ ይገፋፋዋል። ሐቀኛ አስተማሪ በሞገድ ትንበያ መሠረት ቀን የመለወጥ መብት በጽሑፍ ይሰጣል።

የምስክር ወረቀቱም ብዙ ሰው ያታልላል። ዓለም አቀፉ የሰርፊንግ ማኅበር ለፓድልቦርድ አሰልጣኞች ብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ስለሆነም ሊጠየቅ የሚገባው የአሰልጣኙ ማረጋገጫ በሞገድ ላይ ለማስተማር መሆኑ፣ የሕይወት አድንና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናውም ጊዜው ያላለፈበት መሆኑ ነው። ሻጩ ራሱ አትሞ ለተማሪ የሚሰጠው ወረቀት ባሕር ላይ ዋጋ የለውም።

የሌሎች ጋላቢዎች ደኅንነት በማስታወቂያዎቹ ውስጥ አለመነሣቱ ሌላው የሚያሳስብ ነገር ነው። ፓድልቦርድ ሞገዱን ከሌሎች ቀድሞ ለመያዝ ስለሚያስችል፣ ተራ የማያውቅ ቀዛፊ የሌላውን ሞገድ በቀላሉ ይቀማል፤ ሰፊና ከባድ ቦርዱን ሲለቅም ከኋላው ያለውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ሞገዱ ከሚሰበርበት ቦታ ይበልጥ ለቀረበው ሰው ቅድሚያ መስጠትን፣ ሲወድቁ ቦርዱን በራስና በሞገዱ መካከል አለማድረግን የማያስተምር ሥልጠና «የላቀ» ሊባል አይገባውም።

ቀደም ብላችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ማስታወቂያውን ከገጹ ላይ ከመጥፋቱ በፊት በምስል አስቀምጡ፤ ቦርዱን ሳትነፉትና ፊኖቹን ሳትገጥሙ ከነማሸጊያው ፎቶ አንሡ፤ ከተገባላችሁ ቃል የጎደለውን ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ። ክፍያው በባንክ ካርድ የተፈጸመ ከሆነ፣ ካርዱን የሰጠው ባንክ ክርክር የሚቀበልበት የጊዜ ገደብ ስለሚኖር፣ የሻጩን መልስ ስትጠብቁ ያ ገደብ እንዳያልፍባችሁ ዛሬውኑ ባንካችሁን ጠይቁ።