ለኢንሱሊን የቱ ይሻላል? አይስ ቦክስ፣ ፔርሙስ፣ ውሃ የሚነከር ከረጢት ወይስ ማቀዝቀዣ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ገዢዎች

የኢንሱሊን መያዣ ሊገዛ የወጣ ሰው ሻጩን የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ያቀዘቅዛል?» ብሎ ነው። 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው ኮምቦልቻ ጥያቄው ያስኬዳል። የሐረጎን አቀበት ወጥተው ደሴ ሲደርሱ ግን ከፍታው ከ2,400 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሰጋው ኢንሱሊኑ በረዶ መሆኑ ነው። ሙቀት የኢንሱሊንን አቅም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በረዶ ሆኖ የረጋ ኢንሱሊን ግን ቢቀልጥም አይመለስም፤ ይጣላል። ደመናማው ዓይነት ከረጋ በኋላ ሊጓጉል ወይም ብልቃጡ ላይ ሊለጠፍ ስለሚችል አንዳንድ ጊዜ ይታወቅበታል፤ ጥርት ያለው ግን ምንም ሳይመስል ሊበላሽ ይችላል።

ከመግዛትዎ በፊት የሚይዙት የትኛውን እንደሆነ ይለዩ። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ትክክለኛው ገደብ በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። በደሴ ብዙ ቤቶች ከፀሐይና ከምድጃ የራቀ መደርደሪያ ለተከፈተው ይበቃል።

የወራት ፍጆታዎን ከአዲስ አበባ የሚያስመጡ ከሆነ አይስ ቦክስ ይግዙ፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ፎሙ ርካሽ ነው፣ ጠርዙ ሲሸረፍ ግን ክዳኑ አይገጥምም። ለሚመላለስ ሰው ወፍራሙ ፕላስቲክ ያዋጣል። ከሣጥኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ የበረዶ ጥቅሉ ነው። ከፍሪዘር እንደወጣ ከዜሮ በታች ስለሆነ፣ ሲነቀንቁት ውስጡ ውሃ እስኪንቦጫረቅ ድረስ ውጭ ይቆይ። የጤና ባለሙያዎችም ብርድ የሚያበላሻቸውን ክትባቶች ሲያጓጉዙ ይህንኑ ያደርጋሉ። ከዚያ ጥቅሉን በፎጣ ጠቅልለው ብልቃጡን ሳያስነኩ ያስቀምጡ።

ከደሴ ኮምቦልቻ ወይም እስከ ከሚሴ ለሚሄድ ሰው አፉ ሰፊ ፔርሙስ ይበቃዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ጥቂት ያቆዩት፣ ይድፉት፣ ያድርቁት፣ ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልለው ያስገቡ። በረዶ ስለሌለው የመርጋት ስጋት የለውም። ጠዋት ቡና የያዘው ፔርሙስ ግን ይህን ሥራ ቢተው ይሻለዋል።

ውሃ የሚነከረው ከረጢት ውስጡ ውሃ የሚመጥ ፍሬ አለው። 5 እስከ 10 ደቂቃ ይነከራል፤ ውሃው እየተነነ ያቀዘቅዛል። መብራትም በረዶም አይፈልግም፤ ነገር ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ አያወርድምና ለተከፈተው ብቻ ይሁን። ሻንጣ ሥር ከቀበሩት አየር ስለማያገኝ አይሠራም፤ አየሩ እርጥበት ሲበዛውም ይደክማል። በደረቁ የባቲ ሙቀት ዋጋውን ያወጣል፤ ከደሴ ለማይወጣ ሰው ግን በእኔ አስተያየት የባከነ ገንዘብ ነው። ኮምቦልቻ ቤት ውስጥ ለማስቀመጥማ ሁለት ማሰሮ አንዱን በሌላው ከትቶ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላት ተመሳሳይ ሥራ በጥቂት ብር ይሠራል።

በመኪና ሶኬት የሚሠሩት ትናንሽ ማቀዝቀዣዎች ያማልላሉ። ብዙዎቹ ከአካባቢው ሙቀት በተወሰነ ዲግሪ ብቻ ዝቅ ስለሚያደርጉ ቀኑ ሲሞቅ ውስጣቸውም ይሞቃል፤ ኃይል ሲቋረጥ ደግሞ ቅዝቃዜውን ብዙ አይዙም። አልመክርም።

ለቤት የሚገዙት ተራ ማቀዝቀዣ ከሆነ፣ በረዶ ቤቱ ከውስጥ የሆነውን ባለ አንድ በር ሲያዩ ይጠንቀቁ፤ በበረዶ ቤቱ ሥርና በኋላ ግድግዳው አጠገብ የተቀመጠ ብልቃጥ ሊረጋ ይችላል። ከተቻለ ፍሪዘሩ የተለየውን ይምረጡ። ኢንሱሊኑን ከነካርቶኑ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያኑሩ፤ በሩ ላይ ሙቀቱ ይዋዥቃል። መብራት ሲጠፋ ካልከፈቱት 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

የትኛውንም ቢመርጡ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሙቀት የሚመዘግብ ዲጂታል ቴርሞሜትር አብረው ይግዙ። ገንዘብ ካጠረ ከሣጥኑ ጥራት ይቀንሱና እሱን አያስቀሩ። የተፈጨ በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ነክረው ጥቂት ይጠብቁ፤ ከ0 ብዙ ከራቀ ለሻጩ ይመልሱት።