መነጽር ወይስ የስልክ ልምምድ? ከ40 ዓመት በኋላ ቅርብ ማየት ላስቸገረው ገዢ

መጀመሪያ የከዳኝ «ቡ» ነው። 46 ዓመቴ ላይ፣ ደሴ፣ የተማሪ ፈተና ሳርም «ቡ» ሁሉ «ቢ» እየመሰለኝ ልጆቹን ያለጥፋታቸው ነጥብ ቀነስኩባቸው። ፊደላችን እንዲህ ነው፤ ቅጥያዋ ከመሃል ወጣች ከታች ወጣች ተብሎ ቃሉ ይለወጣል። ወረቀቱን ራቅ ሳደርገው ይጠራል፤ እያራቅሁ እያራቅሁ ክንዴ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ የገበያ መነጽርም፣ ተለክቶ የተሠራ መነጽርም፣ አእምሮን የሚያለማምድ የስልክ መተግበሪያም ሞክሬያለሁ። የማወዳድረው እነዚህን ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር እንወቅ። ይህ ድካም በሽታ አይደለም። በዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ስለሆነ ቅርብ ስናይ ወፈር ይላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይጠነክርና እንቢ ይላል። የ10 ዓመት ልጅ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አስጠግቶ ያነባል፤ 60 የሞላው ሰው ሌንስ ግን ይህ ችሎታው ከሞላ ጎደል አልቋል። የጠነከረውን ሌንስ መልሶ የሚያለሰልስ ልምምድ የለም። «ዓይንዎን እንደ ልጅነትዎ እናደርጋለን» የሚላችሁን ሻጭ እለፉት።

ታዲያ የስልኩ ልምምድ ምን ይሠራል? የሚሠራው አእምሮ ላይ ነው። ግራጫ መደብ ላይ ብዥ ያሉ ጭረቶች ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ የነጠላ ጥለት ይመስላሉ። የጋቦር ምስል ይባላሉ፤ በ1971 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ባገኘው በዴኒስ ጋቦር ስም። ሁለት ጭረቶች ዳርና ዳር ይቆማሉ፤ መሃላቸው ሦስተኛ ደብዛዛ ጭረት የነበረው በመጀመሪያው ብልጭታ ነው ወይስ በሁለተኛው? ጥያቄው ይኸው ነው። በትክክል በመለሳችሁ ቁጥር እየደበዘዘና እየፈጠነ ይሄዳል።

የእስራኤሉ ቴል አቪቭና የአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 51 የሆነ ሰዎች በዚህ ዘዴ ተለማምደው ያለመነጽር ከበፊቱ ያነሰ ፊደል ማንበብ ችለዋል። ዓይናቸው ሲለካ ግን እንደነበረው ነው። የተሻሻለው አእምሯቸው ብዥ ያለውን ምስል የሚፈታበት መንገድ ነው። ከዚሁ ሥራ ግላስስኦፍ የተባለ መተግበሪያ ለገበያ ወጥቶ ነበር፤ ከተመራማሪዎቹም አንዳንዶቹ ከኩባንያው ጋር የገንዘብ ጥቅም ነበራቸው። ውጤቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ማስታወቂያውን ግን በጥንቃቄ ማየት ነው።

እኔ የዚህ ዓይነት መተግበሪያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ለሁለት ወር ተኩል ሠራሁ። (የመጀመሪያ ቀን መመሪያውን ያነበብኩት መነጽር አድርጌ ነው።) ቀን ቀን የስልክ መልእክት ያለመነጽር ማንበብ ቀለለኝ። ማታ መብራት ሲጠፋ፣ በሻማ ግን ምንም! የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ማብቂያ ቀንም ዛሬም ልጄን አስነብባታለሁ። በአርባዎቹ አጋማሽ ላለ፣ ትዕግሥት ላለውና ስልኩን ቻርጅ ማድረግ ለማይቸግረው ሰው ጥሩ ጭማሪ ነው። ስድሳ ለሞላው ግን ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ቢያውለው እመርጣለሁ።

የገበያ መነጽር በዚያው ደቂቃ ይሠራል። ጎረቤቴ ምስር ሲለቅሙ ድንጋዩ እያመለጣቸው የቤቱ ሰው ጥርስ ተሰቃይቶ ነበር። ፒያሳ መንገድ ዳር ከተደረደረው ቁጥሩ (ጉልበቱ ማለት ነው) ፕላስ ሁለት የሆነ መነጽር ገዛሁላቸው። ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ትንሽ ዝም አሉና «ኧረ አብሽር! ይሄ ሁሉ ጠጠር ከየት መጣ?» አሉኝ። ቀልድ አይደለም፤ ሕንድ ውስጥ አሳም ላይ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸው ሻይ ለቃሚዎች የቅርብ መነጽር ተሰጥቷቸው ሥራቸው ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በ22 በመቶ ገደማ ጨምሯል፤ ጥናቱ በ2018 ታትሟል። ልብስ ሰፊና ጥልፍ ሠሪ ይህን ቁጥር ያስብበት።

ጉድለቱ የሁለቱም ዓይን ቁጥር እኩል መሆኑ ነው። አንዱ ዓይናችሁ ከሌላው ከተለየ፣ ወይም ሩቁም ብዥ ካለባችሁ፣ ተለክቶ የሚሠራው ይሻላል፤ ውድ ነው፣ ግን የራሳችሁ ነው። ላይኛው ለሩቅ፣ ታችኛው ለቅርብ የሆነውን ባይፎካል ግን ደሴ ላይ ለሚመላለስ ሰው አልመክርም። ቁልቁለት ስትወርዱ እግራችሁን የምታዩት በታችኛው በኩል ስለሆነ ደረጃው ይደበዝዛል። እኔ አንድ ጊዜ ተደናቅፌ ተምሬያለሁ፤ አሁን የንባቡን ለብቻው ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ።

ጠብታም አለ። አሜሪካ ውስጥ በ2021 የተፈቀደው የፒሎካርፒን ጠብታ ብሌንን አጥብቦ ለጥቂት ሰዓት ቅርቡን ያጠራል፤ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፣ ጨለማ ላይ ማየትንም ይቀንሳል። ያለሐኪም የሚሞከር አይደለም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር መነጽር ካደረጋችሁት ያጠራል፣ ግን ያጨልማል፤ ዓይን አያድንም።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተመርመሩ፤ ለእኛ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው። ግላኮማ የተባለው የዓይን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም ነው ዕይታን የሚወስደው፤ መነጽርም ልምምድም አያስቆሙትም። እናታችሁ በሰባ ዓመታቸው ድንገት «ያለመነጽር ዳዊቴን ማንበብ ጀመርኩ» ካሏችሁም እልል ከማለታችሁ በፊት አሳይዋቸው፤ የዓይን ሞራ ሲጀምር እንዲህ ያደርጋል።

ገበያ ስትወጡ የምትሠሩበትን ነገር ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁርኣኑን፣ መርፌና ክሩን፣ ምስሩን። ሻጩ ዕድሜ ጠይቆ ቁጥር ይሰጣል፤ በአርባዎቹ መጀመሪያ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል፣ ሃምሳ ላይ ሁለት፣ ስድሳ ላይ ሁለት ተኩል አካባቢ። ሥራችሁን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ያዙና አጥርቶ ከሚያሳያችሁ መሃል ዝቅተኛውን ቁጥር ምረጡ። ከዚያ አንዱን ዓይን ሸፍኑ፣ ቀጥሎ ሌላውን። በአንዱ በኩል ብዥ ካለ መነጽሩን መልሱለት።