ዊፕ በቦርከና ላይ ሲፈተን፦ የወንዝ ውሃ ማከፋፈያ ሶፍትዌር ግምገማ

ቦርከና ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻን፣ ሐርቡንና ከሚሴን እያለፈ የጨፋን ረግረግ ያጠግባል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በመንገዱ ከተማ ይጠጣዋል፣ ፋብሪካ ይሠራበታል፣ ገበሬ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣበታል፤ በበጋ ደግሞ ከአፋር ሳይቀር ከብት ወደ ጨፋ ይነዳል። «ዛሬ ለማን ስንት ይደርሳል? ከ20 ዓመት በኋላስ?» የሚለውን ለማስላት በነጻ ከሚገኙት መሣሪያዎች ዊፕን (WEAP) እናስቀድማለን።

ዊፕን የሠራው የስቶክሆልም የአካባቢ ጥናት ተቋም ነው። በታዳጊ አገሮች ላሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ፈቃዱን ያለ ክፍያ ይሰጣል። የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። የሙከራ ቅጂው ሁሉንም ነገር ያሳያል፤ የሠራችሁትን ግን አያስቀምጥም። ስለዚህ ፈቃዱ ሳይደርሳችሁ መረጃ ማስገባት አትጀምሩ።

ወንዙን ካርታ ላይ ትስሉና እያንዳንዱን ተጠቃሚ በነጥብ ታስቀምጣላችሁ። ውሃ የሚወስደው መስመር አረንጓዴ፣ ወደ ወንዙ የሚመልሰው ቀይ ነው። ፍላጎቱ ብዛት ሲባዛ በአንድ አሃድ ዓመታዊ ፍጆታ ነው፤ ነዋሪ በነፍስ ወከፍ፣ መስኖ በሄክታር ይሰላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መስኖው ላይ ነው። በዲዛይን ሰነድ 1 ሊትር በሰከንድ ለአንድ ሄክታር ተብሎ ከተጻፈ፣ 100 ሄክታር 24 ሰዓት ሙሉ ለ30 ቀን ሲጠጣ 259,200 ሜትር ኩብ ይወስዳል። ገበሬው የሚያጠጣው ቀን 12 ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን 129,600 ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ያስገባ ሰው፣ ውሃ እያለ ወንዙ ግንቦት ላይ ደርቆ ይታየዋል።

ሌላው ወጥመድ የቀን አቆጣጠር ነው። የወንዝ ፍሰቱ በፈረንጅ ወር፣ የከተማው የውሃ ምርት በኛ ወር ሊመጣ ይችላል። ሐምሌን ጁላይ ብሎ ማስገባት የአንድ ሳምንት መዛነፍ ያመጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ አንድ ሳምንት ብዙ ውሃ ነው። ዕለታዊ መዝገብ ካለ ቀኑን ቀይሩና ከዚያ በወር ደምሩ። የወር ድምር ብቻ ካለ ከሐምሌ 30 ቀናት 24ቱን ለጁላይ፣ 6ቱን ለኦገስት ስጡ። ጳጉሜንም አትርሱ፤ ሙሉ በሙሉ ሴፕቴምበር ውስጥ ነው የምትገባው።

የሶፍትዌሩ ልብ የቅድሚያ ቁጥሩ ነው፤ 1 ቀዳሚ፣ 99 መጨረሻ። አዲስ የተሳለ ተጠቃሚ ሁሉ በ1 ይጀምራል፣ ግድብ ግን በ99። ሁለት ተጠቃሚዎች እኩል ቁጥር ከያዙ ዊፕ እጥረቱን በፐርሰንት እኩል ያካፍላቸዋል፤ ከላይ መሆን ብልጫ አይሰጥም። ወንዝ ዳር የኖረ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ያውቃል። ውሃው ሲቀንስ መጀመሪያ የሚያጠጣው ጠለፋው ከላይ ያለው ነው። የውሃ አባት የሚያወጣው ተራ በዚያው ቦይ ላይ ይከበራል እንጂ ሁለት ወረዳ ወርዶ ላለው ገበሬ አይደርስም።

ስለዚህ ቁጥሩን ሳይነኩ የወጣ ውጤት የቦርከናን እውነት አያሳይም። ሁለት ሲናሪዮ (አማራጭ ስሌት) ሥሩ። በአንደኛው ቁጥሩን በአቀማመጥ ስጡ፤ ከላይ ያለው 1፣ ቀጥሎ ያለው 2 እያለ ይውረድ። በሁለተኛው በሕጉ ሂዱ፦ አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ስለሚሰጥ መጠጥ 1 ይሁን፣ መስኖና ፋብሪካ ይከተሉ። ለጨፋ የሚቀረውን ዝቅተኛ ፍሰትም ራሱን እንደቻለ ተጠቃሚ አስገቡት፤ ካልገባ ረግረጉ ከሒሳቡ ይወጣል። የሁለቱን ሲናሪዮ ያልተሟላ ፍላጎት ጎን ለጎን ማየት ነው የከሚሴንና የኮምቦልቻን ሰው በአንድ ጠረጴዛ የሚያነጋግረው።

ለትንበያው የሕዝብ ዕድገትን በአንድ ቀመር ማስገባት ቀላል ነው። ዝናቡን ግን በአማካይ ዓመት አትሙሉ። ወሎ በበልግም በክረምትም ያርሳል፤ አማካዩ በልግ የቀረበትን ዓመት ይውጠዋል። ያለውን ተከታታይ መዝገብ በፋይል አስነብቡት፤ የ1977ቱን የመሰለ ድርቅ ካለበት ሳትቆርጡ ተዉት።

ቀዩ መስመር ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፋብሪካ ከወሰደው 100 ሜትር ኩብ 70ውን ከመለሰ ዊፕ 70ውን ለሐርቡ ገበሬ እንደ ንጹሕ ውሃ ይቆጥርለታል። የውሃ ጥራት ክፍሉን ካልሞላችሁ፣ ሊጠጣ የማይችል ውሃ በሰንጠረዡ ላይ «ደርሷል» ተብሎ ይወጣል።

ሰሜን ወሎ ውስጥ ላለው ለቆቦ ሸለቆ ግን ዊፕን ብቻውን አንመክርም። የከርሰ ምድር ውሃን እንደ አንድ ገንዳ ስለሚያይ፣ አንዱ ጉድጓድ የጎረቤቱን ውሃ ምን ያህል እንደሚያወርደው አይነግርም፤ ለዚያ ሞድፍሎው (MODFLOW) ከሚባለው የከርሰ ምድር ውሃ ማስያ ሶፍትዌር ጋር መያያዝ አለበት። በዚያው ያለውን የጎሊና ወንዝ ድንገተኛ ጎርፍም በወር ስሌት አታገኙትም፤ ወደ ዕለታዊ መቀየር ይቻላል፣ ዕለታዊ የፍሰት መዝገብ ካላችሁ።