ችግር ሲመጣ፦ ተዘዋዋሪ ችሎት ወይስ የቪዲዮ ችሎት?

ወረርሽኝ ሲገባ ወይም መንገድ ሲዘጋ የጎጃም ባለጉዳይ ምን ይሻለዋል? ዳኛው ባለጉዳዩ ወዳለበት ሄዶ የሚያስችልበት ተዘዋዋሪ ችሎት ወይስ ሰዎቹ በያሉበት ሆነው በስክሪን የሚገናኙበት የቪዲዮ ችሎት? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ፍርድ ቤቶች በከፊል ሲዘጉ ጥያቄው ቁልጭ ብሎ ታየ። የፍትሐ ብሔር ቀጠሮ ይገፋል። የታሰረ ሰው ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው የሚለው (የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር)።

ወጪ፦ ተዘዋዋሪው ነዳጅና አበል ይበላል። ቪዲዮው መነሻው ላይ ውድ ነው፤ ስክሪን፣ መስመር፣ ጄኔሬተር።

ስጋት፦ ክረምት ላይ ጭቃው ዳኛውንም ያስቀራል። ጸጥታ ከደፈረሰ ጉዞው ራሱ አደጋ ነው። ቪዲዮ ደግሞ ያለ ኔትወርክ ባዶ ስክሪን ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይተነዋል።

አመቺነት፦ ለመሬት ክርክር ተዘዋዋሪውን እመርጣለሁ። ዳኛው ወሰኑን በዓይኑ ያያል፤ ምስክሮቹም እዚያው ጎረቤት ናቸው። ድንበር በስክሪን ማሳየት? እንጃ! የጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ተጨማሪ ጊዜ) እና የዋስትና ጥያቄ ግን አጭር ነው፤ ቪዲዮ ይበቃዋል። ጠበቃው ከደንበኛው ጋር ለብቻ የሚያወራበት መስመር እስካለ ድረስ ነው ታዲያ።

ወረርሽኝ ከሆነ ቪዲዮ። መብራትና ኔትወርክ ጠፍቶ መንገዱ ካለ ተዘዋዋሪ።