ለልጆቻችን የሒሳብ አስጠኚ፣ ምስጋናና ጥቆማ

ቁጥር ዘርዝሮ መጻፍን (243ን 200+40+3 ብሎ መጻፍን) ለልጆቻችን ላስጨበጡልን የቤት ለቤት አስጠኚ መምህርት ከልብ እናመሰግናለን። የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እሳቸውን ያዙ። አሠራራቸውን አይታችሁ ፍረዱ።

"አራት ሺህ ሦስት መቶ አምስት" ሲባል 40003005 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ብዙ ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ 4000፣ 300፣ 5 እያለ የሰማውን በተራ አስቀመጠ። ሌላው 435 ይላል፤ ባዶውን የአስር ቤት በአፍ ስለማንጠራው ይዘለዋል። መምህርታችን ሁለቱን ስህተቶች ለየብቻ ያርማሉ እንጂ "ድገመው" ብለው አያልፉም።

መጀመሪያ ደብተር አይከፈትም። ስንጥር ይቆጠራል፤ አስሩ በላስቲክ ይታሰራል፣ አስር እስር ደግሞ ከረጢት ገብቶ መቶ ይሆናል። 243 ማለት 2 ከረጢት፣ 4 እስርና 3 ነጠላ መሆኑን በእጁ ያልዳሰሰ ልጅ 200+40+3ን የሚጽፈው ሸምድዶ ነው። በብርም ያለማምዳሉ፤ ግን ባለ 1፣ ባለ 10 እና ባለ 100 ብቻ። ባለ 5፣ ባለ 50 ወይም ባለ 200 ከገባ እያንዳንዱ ቤት የቀዳሚው አስር እጥፍ መሆኑ ይጠፋል።

ቀጥሎ ካርድ ነው፣ 36 ቁራጭ ካርቶን፦ ከ1 እስከ 9፣ ከ10 እስከ 90፣ ከ100 እስከ 900፣ ከ1000 እስከ 9000። ለአንድ አሃዝ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚሰጥ ስፋታቸው 3፣ 6፣ 9 እና 12 ነው። 4000 ከታች፣ 300 በላዩ፣ 5 ከሁሉም በላይ ሆኖ በቀኝ ጠርዝ ሲነባበር 4305 ይነበባል። ሲበተን 4000+300+5። መሃል ላይ የምትታየው ዜሮ የ300 ካርድ ዜሮ ናት፤ ልጁ ራሱ ያገኛታል። ካርዱ እኩል ስፋት ተደርጎ ከተቆረጠ ወይም በግራ ጠርዝ ከተነባበረ ግን ምንም አይሠራም።

ወደ ጽሑፍ ሲገቡ ለጥቂት ቀናት 4000+300+0+5 ያስጽፋሉ፤ 0ን የሚያስጥሉት ባዶው ቤት ከታወቀ በኋላ ነው።

በጣም የወደድነው የግዕዝ ቁጥሩን ነው። 345 በግዕዝ ፫፻፵፭ ነው፤ ሦስት መቶ፣ አርባ፣ አምስት፣ አስቀድሞ የተዘረዘረ! አርባ የራሱ ምልክት ስላለው ዜሮ አያስፈልግም፤ 305 ፫፻፭ ብቻ ነው። ልጁ በተለመደው አጻጻፍ ዜሮ ለምን ቤት እንደምትጠብቅ እዚህ ላይ ይገባዋል። ካርዱን ሳይለምድ ከቀረበለት ግን ያደናግረዋል፤ እሳቸውም አይቸኩሉም።

መግባቱን የሚፈትኑት በተዘበራረቀ ነው፦ 5+700+20። 572 ካለ ወደ ካርዱ ይመለሳል፤ 725 ካለ ወደ መበደር ያልፋል፣ 52ን 40+12 አድርጎ 27 ለመቀነስ።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀን እናገናኛችኋለን። 300 ያህል ስንጥር፣ ላስቲክና ካርቶን ከመምጣታቸው በፊት አዘጋጁ።