ሚኒሞ ላይ የቆመች መኪና ስንት ትጠጣለች? የኦቢዲ አንባቢዬ ከሦስት ወር በኋላ

ልጄን ከትምህርት ቤት የምጠብቅበት አጥር ላይ «ሞተርዎን ያጥፉ» የሚል ሰሌዳ ተለጥፏል። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ሥር እየቆምኩ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ሚኒሞ ላይ (ሳይነዳ ዝም ብሎ እንዲሠራ) ትቼው ስልኬን ስነካካ ከርሜያለሁ። ሰሌዳው አልመከረኝም። የመከረኝ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የሚል ጥቁር ፕላስቲክ ነው።

የገዛሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ አልጠፋ ሲለኝ መካኒኬ «ኦቢዲ አንባቢ ግዢ፣ ኮዱን ራስሽ አይተሽ ደውዪልኝ» አለኝ። ኦቢዲ የመኪናው ኮምፒውተር የራሱን ችግር በኮድ የሚናገርበት ሥርዓት ነው። ከመሪው በታች፣ ጉልበት አካባቢ ባለ 16 ፒን ሶኬት አለ። እሱ ላይ ይሰካና በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል። ኮዱን አነበብኩ፣ ችግሩ ተገኘ፣ መብራቱ ጠፋ። ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አፑን ስጎረጉር ግን «ሊትር በሰዓት» የምትል ጌጅ አገኘሁ።

በማግስቱ አጥሩ ሥር ቆሜ ከፈትኳት። 0.7 ትላለች። ኤሲ አበራሁ፣ 1.1 ሆነች። አጠፋሁ፣ ወረደች። መልሼ አበራሁ። እንደ ልጅ ተጫወትኩባት። መኪናዬ ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ናት። አንድ ሜትር እንኳ አልሄደችም፣ ቤንዚኑ ግን እየሄደ ነው። ድሮስ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር እንጂ። ግን ማወቅ ሌላ፣ ቁጥሯን ፊት ለፊት ማየት ሌላ።

ከዚያ ማስላት ጀመርኩ። በቀን ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። ከኤሲ ጋር 0.27 ሊትር ገደማ ነው። 200 የትምህርት ቀን ብለን ብንይዝ ወደ 55 ሊትር ይመጣል። የኔን ታንክ ሞልቶ ይተርፋል! አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፣ በዓመት ከ120 ኪሎ በላይ እዚያች በር ላይ እለቅ ነበር ማለት ነው። የሚወጣው ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ናይትሮጅን ኦክሳይዱና ደቃቅ ብናኙ አብሮ አለ፤ የማርሚታው አፍ ደግሞ ከኔ አፍንጫ ይልቅ ለልጄ አፍንጫ ይቀርባል። ይህን ያየሁት አንድ ቀን ከመኪናዬ ኋላ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ስታስር ነው። ናፍታ ሲሆን ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍታን ጭስ እ.ኤ.አ. በ2012 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

አፑ ማንቂያ አለው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ከዚህ ደቂቃ በላይ ከሠራ ጩህ ብለህ ታዘዋለህ። ስንት ደቂቃ ልሙላለት? የከተሞችን ደንብ አየሁ። ኒውዮርክ 3 ደቂቃ ይፈቅዳል፣ ትምህርት ቤት አጠገብ ግን 1 ብቻ። ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1996 ደንቡን ሲያወጣ 3 ደቂቃ ነበር የፈቀደው፤ ኋላ ላይ በ60 ደቂቃ ውስጥ ከ1 ደቂቃ እንዳይበልጥ አጠበቀው። እኔም 1 ላይ ሞላሁት። ከሁሉም የወደድኩት ግን የእንግሊዙን ነው። ቅጣቱ 20 ፓውንድ ነው፣ ነገር ግን የሚቀጣው «እባክህ አጥፋ» ተብሎ እምቢ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ይጠየቃል። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አባቴ መኪና ሲያስተምረኝ «ሞተሩ ሳይሞቅ እንዳትነኪው» ነበር የሚለኝ። እሱ የነዳው በካርቡራቶር ዘመን ነው፣ አልፈርድበትም። የአሁኑን ሞተር የነዳጅ ልክ የሚመጥንለት ኮምፒውተር ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ቀስ ብሎ መንዳት ይበቃዋል። ይህንንም በመሣሪያው ፈተንኩት። የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት ያሳያል። ቆሜ ስጠብቅ ከሚፈጅብኝ ጊዜ በግማሹ፣ ቀስ ብዬ ስነዳ ሞቀ። «ማጥፋትና ማስነሳት የበለጠ ይበላል» የሚባለውስ? ሞተር ለማስነሳት የሚሄደው ነዳጅ 10 ሰከንድ ያህል ሚኒሞ ላይ ከመቆየት አይበልጥም። ረጅም መንገድ በኃይል የተነዳ ቱርቦ ያለው መኪና ከመጥፋቱ በፊት ትንሽ መተንፈስ አለበት፣ እሱ እውነት ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ የቆምነው ግን ከየትኛው ረጅም መንገድ መጥተን ነው?

አሁን ወደ ጉድለቱ። ትልቁ ጉድለት ይኸው፦ የኔው አንባቢ መኪናው ጠፍቶም አይተኛም፣ ከባትሪው ይጠባል። ሁለት ሳምንት መኪናዬን ሳላነሳ ቆይቼ ቁልፉን ባዞረው ሞተሪኖው ጭጭ አለ። ማጥፋት ያስተማረኝ ዕቃ ማስነሳት ከለከለኝ። ከጎረቤት ባትሪ ገመድ ዘርግተን እስክናስነሳ ከሥራ ቀረሁ። ስለዚህ ስትገዙ ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን ጠይቁ፣ ካልሆነ ነቅላችሁ ግቡ።

ሌላው፣ የሚያሳየው ቁጥር ስሌት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን ይገምታል። ለቤንዚን 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ነዳጅ በሚለው ምጣኔ ስለሚሄድ ደህና ነው። ናፍታ ላይ ምጣኔው ስለሚዋዥቅ ቁጥሩን ብዙ አትመኑት። ጉልበቴንም ሁለቴ መትቶኛል። በጣም አሮጌ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ሶኬቱ መኖሩን አስቀድሞ ይይ። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው ያስገደደችው፣ አውሮፓ ለቤንዚን መኪና ከ2001 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)።

ማንቂያው የሚጮኸው ደግሞ ለኔ ብቻ ነው። አጠገቤ ሁልጊዜ የሚቆሙ አንድ አዛውንት አሉ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚጠብቁ። መኪናቸው ትልቅ ናት፣ ሞተሯን አጥፍተዋት አያውቁም። ሰሌዳውን ላሳያቸው አሰብኩና ተውኩት፤ እኔን መች መከረኝና? የእንግሊዙ ደንብ ትዝ አለኝ፣ መጀመሪያ መጠየቅ። ስልኬንና አንባቢውን ይዤ ወረድኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት?»

«ምነው ልጄ፣ ጎማዬ ተነፈሰ እንዴ?»

ኧረ ደህና ነው ብዬ ሶኬቷን ፈልጌ ሰካሁላቸው። 1.6 አለች። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና አዩ። «ይሄ በሰዓት ነው?» አሉኝ። በሰዓት ነው አልኩ። ዝም አሉ። ኤሲውን አጠፉ፣ ቁጥሯ ስትወርድ አዩ። ከዚያ መስኮቱን አውርደው ሞተሩን አጠፉት። አጥፉ አላልኳቸውም።

«እስቲ ለሁለት ቀን ተዪልኝ፣ የወንድ ልጄንም መኪና ልየው» አሉ።

ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ልጃቸው አልፎ የልጃቸው ባልደረባ ዘንድ ደርሷል አሉ። ለመሣሪያው ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፤ አንዷን የቀነስኩት በባትሪው ምክንያት ነው። ለራሴ ሌላ አዝዣለሁ፣ የሚተኛውን።