«ቀን ፀሐይ፣ ማታ መኪና ሙሉ» የሚለውን የሶላር ፓኬጅ ከመፈረማችሁ በፊት ፕሮፎርማውን አስሉት

ባህር ዳር ውስጥ ኤሌክትሪክ መኪና ለያዛችሁ ወይም ለመያዝ ለምታስቡ። በደላላም በስልክም የሚዞር አንድ የሶላር ፓኬጅ አለ። ፕሮፎርማው ከሻጭ ሻጭ ትንሽ ቢለያይም አጥንቱ አንድ ነው፦ ባለ 550 ዋት ፓኔል 6፣ ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ጄል ባትሪ 4፣ «5000 ዋት» ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት 220 ቮልት የሚቀይረው) 1፣ ገመድና ማሰሪያ ከነመግጠሚያው። ከሥሩ «ማታ መኪናዎን ሙሉ ቻርጅ ያደርጋል፣ ከቆጣሪ ይገላገሉ» ይላል። አያደርግም። ለምን እንደማያደርግ ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

ከባትሪው እንጀምር፣ ትልቁ ማታለል ያለው እዚያ ነው። 4 ባትሪ በ12 ቮልት በ200 አምፒር (አምፒር ሰዓት ማለት ነው) ሲባዛ 9600 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 9.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይመጣል። ይህ የወረቀቱ ቁጥር ነው። ጄል ባትሪ እንዲበረክት ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም፣ ስለዚህ 4.8 ቀረ። «200 አምፒር» የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ባትሪው 20 ሰዓት ሙሉ ቀስ ብሎ፣ በ10 አምፒር ገደማ ሲፈስ ነው። መኪና በ3 ኪሎ ዋት ሲስብ ከባትሪው ከ60 አምፒር በላይ ይወጣል፤ እንዲህ ሲጨመቅ የሚሰጠው ከተጻፈበት በጣም ያንሳል። ኢንቨርተሩ 10 በመቶ ያህሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል፣ መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀርም የራሱን ይወስዳል። መጨረሻ ላይ መኪናው ውስጥ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ከገባ ጥሩ ነው።

ይህ በኪሎ ሜትር ስንት ነው? ትንሿ ቢዋይዲ ሲጋል ባለ 30.08 ወይም ባለ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ናት። አነስተኛውን ብንወስድ 12 በመቶ ብቻ ተሞላ ማለት ነው፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጢስ አባይ ያደርሳችኋል፣ አይመልሳችሁም። ባለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ትልቅ መኪና ከሆነማ 6 በመቶ ነው። ያውም ባትሪው አዲስ ሳለ። ጄል በየቀኑ እስከ ግማሽ ሲወርድ 500 ዙር አካባቢ ይሠራል፤ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ደክሞ ሌላ 4 ባትሪ ትገዛላችሁ። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም ዋስትናው የ1 ዓመት ነው።

ከዚህ የባሰው ግን የፓኔሉ ብክነት ነው። ስድስቱ ፓኔሎች እውነተኛ ከሆኑ 3.3 ኪሎ ዋት ናቸው። የጣና ዳር የበጋ ፀሐይ በቀን 5.5 ሰዓት ያህል ሙሉ ጉልበት አለው ብለን፣ ለሙቀት፣ ለአቧራና ለገመድ ሩቡን ብንቀንስ በቀን 13.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይገኛል። ባትሪው ከዚህ መያዝ የሚችለው ግማሹን እንኳ አይደለም። መኪናችሁ ቀን ሥራ ቦታ ቆሞ ከዋለ ከረፋዱ በኋላ ያለው ፀሐይ ጣሪያ ላይ ይቀራል፣ የከፈላችሁበት ፓኔል ሥራ ፈትቶ ይውላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከምርቱ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ይቀንሳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያንዠቅዥቅ የዋለ ዕለት ከግማሽም በታች ነው።

ይህን ስትነግሯቸው «እንግዲያው ሊቲየም እናድርግልዎ» ይላሉ። ሊቲየም የተሻለ ነው፣ ሒሳቡ ግን አሁንም አለ። የተለመደው ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፒር ሊቲየም 5.12 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሲጋልን ከባዶ ማታ ለመሙላት 7 ያህሉ ያስፈልጋሉ፤ እነሱን በአንድ ቀን ለመሙላት ደግሞ 16 ያህል ፓኔል፣ ከ41 ካሬ ሜትር በላይ ጣሪያ። አንድ ሊቲየም አስቀምጦ «ሙሉ ቻርጅ» የሚል ሰው እያወቀ ነው የሚዋሸው።

አሁን ወደ ፓኔሉ። ጀርባው ላይ ያለውን ስቲከር አትመኑ፣ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። እውነተኛ ባለ 550 ቁመቱ 2.28 ሜትር፣ ስፋቱ 1.13 ሜትር አካባቢ፣ ክብደቱ 28 ኪሎ ገደማ ነው፤ ፊቱም ጀርባውም መስታወት ከሆነ ከ30 ያልፋል። ቁመቱን በስፋቱ አባዙና የተጻፈውን ዋት ለውጤቱ አካፍሉ። እውነተኛው በካሬ ሜትር 213 ዋት ይሰጣችኋል። ከ240 በላይ ከመጣ ስቲከሩን ተጠራጠሩ። በብዛት የሚታየው 1.65 በ0.99 የሆነው አሮጌ መጠን ላይ «550» ተለጥፎ ነው፤ አካፍሉት፣ 337 ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ፓኔል ገበያ ላይ የለም። ያ ዕቃ ከ270 እስከ 330 ዋት ነው።

ሻጩ በቴስተር ቮልት ብቻ ካሳያችሁ ምንም አላሳያችሁም፤ ግማሽ ጉልበት ያለው ፓኔልም ያንኑ ቮልት ሊያሳይ ይችላል። የሚያጋልጠው አምፒር ነው። እኩለ ቀን ላይ አንዱን ፓኔል ብቻ ወደ ፀሐይ አዙሩ፣ ሁለቱን ገመዶች እርስ በርስ ሰክታችሁ ዲሲ (የፓኔልና የባትሪ ኃይል) በሚለካ ክላምፕ፣ ገመዱን አቅፎ አምፒር በሚያነበው መለኪያ፣ ያዙት። ባለ 550 ወደ 14 አምፒር ይጠጋል። 8 ወይም 9 ካነበበ መልሱለት። ርካሽ ቴስተር አታስገቡ፣ ፊውዙ ይቃጠላል። ስትጨርሱም መጀመሪያ ፓኔሉን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ከዚያ ንቀሉ፤ ፀሐይ እየመታው ከነቀላችሁት ኮኔክተሩ ላይ እሳት ይፈጥራል።

ኢንቨርተሩ ላይ «5000» ተብሎ በትልቁ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ለሰከንዶች የሚችለው ጉልበት ነው፤ ሳያቋርጥ የሚችለው በትንሹ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ 2500 ሊሆን ይችላል። ፍሪጅ ተነስቶ ያርፋል፣ መኪና ግን 5 ወይም 6 ሰዓት ያለ ዕረፍት ይስባል። ባለ 16 አምፒር ቻርጀር በ220 ቮልት 3.5 ኪሎ ዋት ነው፤ ለእሱ ሳያቋርጥ 5 ኪሎ ዋት የሚችል፣ ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መብራት መስመር ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ) ኢንቨርተር በ48 ቮልት ባትሪ ያስፈልጋል። ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ ከሆነ መኪናው ወይ እምቢ ይላል ወይ ቻርጀሩ ይግላል። በ24 ቮልት 5 ኪሎ ዋት እንሰጣለን ካሏችሁ ከባትሪው ከ200 አምፒር በላይ እያወጡ ነውና ገመዱን ጠይቁ፤ ያመጡት ባለ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ እሳት ነው።

ነፍስ የሚያጠፋው ግን የግራውንድ፣ ማለትም ያመለጠ ኃይልን ወደ ምድር የሚያወርደው መስመር፣ ጉድለት ነው። አብዛኛው ቤታችን ግራውንድ የለውም፣ ኢንቨርተሩም ከመብራት መስመር ሲለይ ኒውትራሉ (የኃይሉ መመለሻ ሽቦ) ከምድር ጋር አይገናኝም። የመኪናው ቻርጀር ይህን ያውቃል፣ ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል። ትክክለኛው መፍትሔ 1.5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የመዳብ ዘንግ መቅበር፣ በበጋ አፈሩ ሲደርቅም ጭምር ማስለካት፣ ኒውትራሉንና ግራውንዱን ኢንቨርተሩ መውጫ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ማገናኘት ነው። ከመብራት መስመርም የሚገባለት ኢንቨርተር ከሆነ ይህን ራሱ የሚቀያይር መሆኑን ጠይቁ። ለመጨረስ የቸኮለ ባለሙያ የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ሶኬቱን ፈትቶ የግራውንዱን እግር ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ ያስረዋል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። አንድ ቀን የኒውትራሉ ሽቦ ሲላላ የመኪናው አካል 220 ቮልት ይይዛል፤ በክረምት እርጥብ ግቢ ላይ የቆመ ሰው በሩን ይነካዋል። ገጥመው ሲጨርሱ ሶኬቱን ራሳችሁ አስከፍታችሁ እዩ። 30 ሚሊ አምፒር የሆነ፣ ታይፕ ኤ ወይም ከዚያ የተሻለ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ብሬከርም (አርሲዲ) በፕሮፎርማው ላይ በስሙ ይጻፍ።

ገመዱን በቢላዋ ፋቁት። ውጩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጣ ካለ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ መልሱት። ለ16 አምፒር ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ለ32 አምፒር ባለ 6፣ መኪናው የሚቆምበት ከራቀ ባለ 10 ንጹሕ መዳብ ይሁን። በተራ ማራዘሚያ አታስሞሉ፣ በተለይ ተጠቅልሎ እያለ። ከፓኔል የሚመጣው መስመር ላይ ዲሲ የተጻፈበት ብሬከር ይግባ፤ ለቤት የሚሆነው ብሬከር ዲሲን መቁረጥ አቅቶት ውስጡ ይነዳል። የጣና መብረቅ የታወቀ ስለሆነ የመብረቅ መከላከያውንም አትዝለሉት።

ጣሪያው ላይ ሁለት ነገር። ቆርቆሮውን የሚበሱት በጀርባው እንጂ በቦዩ አይሁን፣ ከጎማ ዋሸር ጋር፤ ብሎኑም ሞራሌው ላይ ይረፍ። በ30 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ፍሬም «ብዙ ፀሐይ ይስባል» ብለው ያስከፍላሉ፤ ለባህር ዳር 10 ወይም 12 ዲግሪ ይበቃል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ነውና የቆመው ፍሬም ያኔ ይጎዳችኋል፣ ነፋስም ይይዛል። የዘንባባና የማንጎ ጥላ ግን ቀላል አይደለም፤ አንድ ፓኔል ጥግ ላይ የወደቀ ጥላ የዚያን ፓኔል ሲሶ ያጠፋል።

«ትርፉን ለመብራት ኃይል ትሸጣላችሁ» ካሏችሁ በእናንተ ቆጣሪ ቁጥር የተሰጠ ደብዳቤ አምጡ በሏቸው። ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ የመስመር ሠራተኛ እንዳይሞት ተብሎ የተሠራ ነው። ወደ መስመር የሄደውን ኃይል እንደ ፍጆታ ቆጥሮ የሚያስከፍል ቆጣሪም አለ።

የሶላር ቻርጅ ይሠራል ወይ? ይሠራል፣ መኪናው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ግቢ ለሚውልለት ሰው። ከ6 እስከ 8 እውነተኛ ፓኔል፣ ባለ 5 ኪሎ ዋት ሃይብሪድ (ፓኔልን፣ ባትሪንና መስመርን አቀናጅቶ የሚሠራ) ኢንቨርተር፣ አንድ ባለ 5.12 ሊቲየም ይበቃል። ባትሪው እዚህ ለማታ አይደለም፤ ደመና ሲያልፍ ፓኔሉ በደቂቃ ውስጥ ከ2.5 ወደ 0.6 ኪሎ ዋት ስለሚወርድ ክፍተቱን ለመሙላት ነው። ያለ እሱ ኢንቨርተሩ ይዘጋል፣ አንዳንድ መኪናም ተመልሶ አይጀምርም። ቻርጀሩን 8 አምፒር ላይ አድርጉት፣ 1.76 ኪሎ ዋት ነው፤ በ5 ሰዓት 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይገባል፣ ለሲጋል 65 ኪሎ ሜትር ያህል። የቻርጀሩን መሰኪያም እዩ፤ ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና መሰኪያው ጂቢቲ (የቻይና ዓይነት) ነው፣ ፓኬጁ ውስጥ ያለው ታይፕ 2 (የአውሮፓ ዓይነት) ከሆነ ይመሳሰላል እንጂ አይገባም። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው ደግሞ ገንዘቡን መጀመሪያ ግራውንድ ላይና ባለ 6 ገመድ ላይ አውሎ ማታ ከመስመር መሙላት ይሻለዋል። ሻጮች ይህን ሲሰሙ አይወዱም።

አሁንም መግዛት ከፈለጋችሁ ከግማሽ በላይ ቅድሚያ አትክፈሉ፤ የፓኔሉ መጠን በሴንቲ ሜትር፣ የባትሪው ዓይነትና ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ኢንቨርተሩ ሳያቋርጥ የሚችለው ዋት ውሉ ላይ ይጻፉ። ቀሪው የሚከፈለው ከዚህ ሙከራ በኋላ ይሁን፦ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ማታ 1 ሰዓት ላይ ከመብራት መስመር ያለውን ብሬከር ዝጉ፣ መኪናውን ሰኩ፣ ኢንቨርተሩ እስኪያቆም ጠብቁ፣ መኪናው ስንት በመቶ እንደጨመረ ሻጩ ባለበት ጻፉና አስፈርሙት።